ከጆሮ ማዳመጫ ይልቅ አብሮ የሚያንጎራጉር ሰው

አሜሪካዊው ድምፃዊ ቶኒ ቤኔት 95ኛ ዓመት ልደቱን ያከበረው እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2021 በኒውዮርኩ ሬዲዮ ሲቲ አዳራሽ መድረክ ላይ እየዘፈነ ነበር። አልዛይመር እንደያዘው ከታወቀ አምስት ዓመት ሆኖት ነበርና የዕለት ተዕለት ነገር ከአእምሮው እየጠፋ ነበር። ሙዚቃው ሲጀመር ግን ግጥሙም ዜማውም አልጠፋውም። አብራው የዘፈነችው ሌዲ ጋጋ መድረክ ላይ ስትወጣ በስሟ ጠራት፤ ስሟን ከአንደበቱ ከሰማች ብዙ ጊዜ ሆኗት እንደነበር በኋላ ተናግራለች። እንዲህ ያለ ታሪክ የሰማ ሰው ሙዚቃ የመርሳትን በሽታ ያድናል ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። ነገር ግን አያድንም፤ ቤኔትም በ2023 እስካረፈበት ቀን ድረስ በሽታው አልለቀቀውም። የሙዚቃ ትልቁ ጥቅም ታማሚውንና አስታማሚውን ማገናኘቱ ነው። ይህ ጥቅም ደግሞ ጎልቶ የሚታየው አብሮ የሚዘፍን ሰው ሲኖር ነው።

በዓለም ጤና ድርጅት ግምት በ2021 ከመርሳት በሽታ ጋር የሚኖሩ ሰዎች 57 ሚሊዮን ደርሰዋል፤ ከመቶ ስልሳ በላይ የሚሆኑት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ውስጥ ይኖራሉ። እኛ ዘንድ አብዛኛውን ጊዜ «ጃጅተው ነው» ተብሎ ይታለፋል እንጂ እርጅና ብቻ አይደለም፤ የአንጎል ሕመም ነው። በብዛት የሚታየው ዓይነት፣ አልዛይመር፣ ቀድሞ የሚያጠቃው አዲስ ነገር የምንመዘግብበትን የአንጎል ክፍል ስለሆነ ታማሚው የዛሬ ጠዋቱን ረስቶ የልጅነቱን ያወራል። በጀርመን ላይፕሲግ የሚሠሩ ተመራማሪዎች በ2015 ባወጡት ጥናት ደግሞ፣ ሰው ለረጅም ጊዜ የሚያውቀውን ዜማ ሲሰማ የሚሠራው የአንጎል ክፍል በአልዛይመር ከሌሎቹ ክፍሎች ያነሰ ጉዳት እንደሚደርስበት አሳይተዋል። በዚህ ላይ ከአሥር እስከ ሠላሳ ዓመት ባለው ዕድሜ የሰማነው ዘፈን ከመጀመሪያ ፍቅር፣ ከሠርግ፣ ከሥራ ጋር ተሳስሮ በውስጣችን ይቀመጣል። የልጃቸውን ስም የረሱ እናት በወጣትነታቸው የዘፈኑትን እስከ መጨረሻው ስንኝ ሊያወርዱት የሚችሉት ለዚህ ነው።

ታዲያ ይህ ለታማሚው ምን ይፈይድለታል? ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚመረምር ተቋም በ2025 ባሳተመው ግምገማ 1,720 ያህል ሰዎች የተሳተፉባቸውን 30 ጥናቶች አይቷል። መደምደሚያው ሚዛናዊ ነው፤ በሙዚቃ የሚሰጥ ሕክምና የድብርት ምልክቶችን ሳይቀንስ አይቀርም፣ የማስታወስና የማሰብ ችሎታን ግን ብዙም አያሻሽልም። በፊንላንድ በ2014 የታተመ ጥናት 89 ታማሚዎችንና አስታማሚዎቻቸውን በቡድን ከፍሎ ለአሥር ሳምንት አንዳንዶቹን አብሮ መዝፈንን፣ ሌሎቹን ዘፈን ማዳመጥን አለማመደ፤ የእነዚህ ታማሚዎች ስሜት ካልተለማመዱት የተሻለ ሆኖ ተገኘ። በአውስትራሊያ በአረጋውያን መንከባከቢያዎች የተደረገው ትልቅ ሙከራም በ2022 ሲታተም፣ በቡድን ተሰብስበው በሚዘፍኑት ዘንድ ድብርት ከስድስት ወር በኋላ ቀንሶ እንደተገኘ አስታውቋል።

እዚህ ላይ የሚነሳው መከራከሪያ ቀላል አይደለም። በዚያው በ2022 አሜሪካ ውስጥ 54 የአረጋውያን መንከባከቢያዎች በተካተቱበት ሙከራ፣ በገሚሶቹ ላሉ ታማሚዎች የየግላቸው ምርጫ የሆኑ ዘፈኖች በማጫወቻ መሣሪያ ተጭነው ተሰጡ፤ መቁነጥነጥና ቁጣ ግን ተጨባጭ በሆነ መጠን አልቀነሰም። «ሙዚቃው አልሠራም» ማለት ይቻላል። እኔ ግን ይህን ውጤት ከሌሎቹ ጋር አስተያይቼ ሳነበው ሌላ ነገር ይታየኛል። መሣሪያው ዜማውን ያሰማል እንጂ የታማሚውን ዓይን አያይም፣ ሲደክመው አያቆምም፣ ሲያንጎራጉር ተከትሎት አይዘፍንም። በስዊድን ተመራማሪዎች በጥቂት ታማሚዎች ላይ ያዩት ይህን ያጎላዋል። ጠዋት ታማሚዎቹን የሚያጥቡና የሚያለብሱ ሠራተኞች እንደ ወትሮው «እጅዎን ያንሱ፣ ይቁሙ» ማለቱን ትተው ሥራቸውን እየዘፈኑ ሲሠሩ፣ ታማሚዎቹ ብዙ ሳይነገራቸው ምን እንደሚፈለግ ይገባቸው፣ ቀጥ ብለው ይቆሙ፣ በአለባበሱም ይተባበሩ ነበር። ጥናቱ ትንሽ ቢሆንም ያሳየው ነገር ማንም በቤቱ ሊሞክረው የሚችል ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ደስታው የአፍታ ነው፤ ወዲያው ይረሱታል» የሚል ነው። መርሳቱ እውነት ነው፤ ስሜቱ ግን ከትዝታው ጋር አብሮ አይጠፋም። የአሜሪካው አይዋ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2014 ለአልዛይመር ታማሚዎች የሚያሳዝንና የሚያስደስት ፊልም አሳይተው ነበር። ታማሚዎቹ ያዩትን ከረሱት በኋላም ኀዘኑና ደስታው እስከ ግማሽ ሰዓት ድረስ አብሯቸው ቆይቷል። ደግሞስ የሕመም ማስታገሻ ክኒን ለጥቂት ሰዓት አይደል የሚሠራው? አጭር ነው ብሎ የሚከለክለው የለም። ከዚህም ሌላ፣ የሚቁነጠነጡ ታማሚዎችን ለማረጋጋት የሚሰጡት ጠንካራ የአእምሮ መድኃኒቶች የመሞት አደጋን እንደሚጨምሩ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ከ2005 ጀምሮ ያስጠነቅቃል። ሐኪም ካዘዘ መድኃኒቱ በዘፈን አይተካም፤ ሆኖም ብዙ ጉዳት የሌለውን አስቀድሞ መሞከር ተገቢ ነው።

ሙዚቃ ሁሉ ለሁሉም እንደማይሆን ግን ማወቅ ያስፈልጋል። ዛሬ የሰማንያ ዓመት አዛውንት የሆኑ የአዲስ አበባ ሰው ሃያ ዓመት ሲሞላቸው የነገሠው የጥላሁን ገሠሠና የብዙነሽ በቀለ ድምፅ ነበር፤ የልጃቸው ምርጫ የሆነ ዘመናዊ ዘፈን ለእሳቸው ጫጫታ ሊሆን ይችላል። ገጠር ላደጉት ማሲንቆና የሠርግ ዘፈን፣ በቤተ ክርስቲያን ላደጉት መዝሙርና በገና፣ በመስጊድ አካባቢ ላደጉት መንዙማ ይቀርባቸዋል። ዘፈንን በሃይማኖቱ ምክንያት የተወ ሰው ያላመነበትን እንዲሰማ ሊደረግ አይገባም፤ ሕመሙ እምነቱን የመናቅ ፈቃድ አይሰጠንም። ጦርነትን፣ እስርን ወይም የልጅን ሞት የሚያስታውስ ዜማም አለ። ስለዚህ ሬዲዮን ከፍቶ መሄድ አይበቃም፤ አጠገባቸው ተቀምጦ ፊታቸውን ማየት፣ ካስጨነቃቸው ወዲያው ማቆም፣ ድምፁን መመጠን፣ ቴሌቪዥኑን ማጥፋት ያስፈልጋል።

በውጭ አገር ላሉ ቤተሰቦች ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል። በሽታው ሲጠና ብዙዎች ኋላ የተማሩትን ቋንቋ ትተው ወደ አፍ መፍቻቸው ይመለሳሉ፤ ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ያለች ተንከባካቢ ግን አማርኛ ላትችል ትችላለች። እሷ በራሷ ልታውቀው የማትችለውን ከቤተሰብ በቀር የሚነግራት የለም፤ የትኛው ዜማ ለእናታችሁ፣ የትኛው ለአባታችሁ እንደሚሆን የሚያውቅ ልጅ ነው። በሌላ በኩል የሰው አገር አረጋውያንን በመንከባከብ የሚተዳደሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን አሉ፤ እነሱም «በሃያ ዓመትዎ ምን ያዳምጡ ነበር?» ብለው ቢጠይቁ ሥራቸው ይቀልላቸዋል።

ስለዚህ ወላጆቻችሁ ገና ሳይረሱ ጠይቋቸው። በወጣትነታቸው የሚወዱትን፣ በሠርጋቸው የተዘፈነውን፣ ልጅ ሲያስተኙ የሚያንጎራጉሩትን፣ በጾም በበዓሉ የሚያዜሙትን፣ መስማት የማይፈልጉትንም ጭምር ጻፉት። ከተቻለ በራሳቸው ድምፅ ቅዱት፤ እናንተም ተማሩት። የታመሙ ዕለት የጆሮ ማዳመጫ ገዝቶ መላክ አይበቃም፤ አጠገባቸው ተቀምጣችሁ ዘፈኑላቸው።