ስም አውጪው ማነው? ከጋፋት እስከ ነፋስ መውጫ

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላል ያገራችን ሰው። ለሕፃን ስም ይህ ይበቃ ይሆናል፤ ለሰፈርና ለከተማ ግን ስም አውጪው ብዙ ጊዜ ሥራው፣ ገበያው፣ ነፋሱና ድንጋዩ ነው።

ማዕድን ፈላጊዎች ባሉበት ደግሞ ስሙ እንግዳ ይሆናል። በ1877 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ አሪዞና ኤድ ሺፈሊን የተባለ ሰው ማዕድን ፍለጋ ወደ በረሃ ሲወጣ፣ የምታገኘው የመቃብርህን ድንጋይ ነው እያሉ ዘበቱበት። እርሱም ብር አገኘና ቦታውን ቱምስቶን፣ ማለት «የመቃብር ድንጋይ» አለው፤ ከተማውም በዚሁ ስም ቀረ። በእኛም አገር የወርቅ ሥራ ያሳደጋት አዶላ ክብረ መንግሥት ተብላለች። አንደኛው ስም ፌዘኞቹን ያሳፍራል፤ ሁለተኛው የመንግሥትን ክብር ያውጃል።

አሁን ወደ ደቡብ ጎንደር ደጋ እንውጣ። ደብረ ታቦር ስሟን የወረሰችው ከታቦር ተራራ ነው። ከእርሷ አልፎ የጉናን ሥር ይዞ የሚሄድ መንገደኛ ክምር ድንጋይን፣ ወደ ጋይንት ሲዘልቅም ነፋስ መውጫን ያገኛል። እነዚህን ስሞች ለመተርጐም መዝገበ ቃላት አያሻም፤ ዐይንና ጋቢ ይበቃል።

ጋፋት ግን ሌላ ናት። ከደብረ ታቦር አጠገብ ያለችው ይህች ቦታ የማዕድን መቆፈሪያ ሳትሆን የማዕድን ማቅለጫ ነበረች። ዐፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎችን እዚህ አስፍረው መድፍ አሠሩ፤ ያገራችን ወጣቶችም ሙያ ተማሩባት። 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው ትልቁ መድፍ በ1859 ዓ.ም. ሲቀልጥ ሴባስቶፖል ተባለ። ይህ በክሪሚያ ጦርነት፣ ከ1854 እስከ 1855 እ.ኤ.አ. ተከቦ የተዋጋ የሩስያ ወደብ ስም ነው። መድፉን ወታደሩ መንገድ እየጠረገ ወደ መቅደላ ጐተተው፤ ጉዞውም ስድስት ወር ያህል ፈጀ። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. እዚያው ዐረፉ።

የመድፉ ስም ከሩቅ መጣ፤ የሰፈሩ ስም ግን የአንድ ያገራችን ሕዝብ ስም ነው። ጋፋቶች በዓባይ አካባቢ የኖሩና የራሳቸው ቋንቋ የነበራቸው ናቸው። በ1939 ዓ.ም. ገደማ ፕሮፌሰር ቮልፍ ሌስላው በጎጃም ቢፈልጉ፣ ቋንቋውን የሚናገሩ ያገኙት አራት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ዛሬ ተናጋሪ የለውም፤ ስሙ ግን በደብረ ታቦር ገበሬ አፍ በየቀኑ ይጠራል።

እንግዲህ ወጣት አንባቢያችን ሆይ! ነገ የወረዳ ሹም ወይም የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ስትሆን፣ አሮጌ የመሰለህን የሰፈር ስም በአዲስ ልትለውጥ ብዕር ብታነሣ፣ መጀመሪያ ከሽማግሌዎቹ ጋር ቁጭ በል። ሕንፃ ቢፈርስ ይሠራል፤ ከአፍ የወደቀ ስም ግን የሚያነሣው አይገኝም። እኛም ተማሪ ሳለን ጋፋትን ለፈተና ሸምድደን አልፈናታል፤ ስሟ የማን እንደ ሆነ ለመጠየቅ ግን ዘግይተናል። አንተ አትዘግይ።