ከሦስተኛው ዓመት በኋላ

የትምህርት ዕድል ላጡ ልጆች በሚሠራ በጎ አድራጎት ድርጅት ውስጥ ኢንተርን ሆኖ መሥራት ከውጭ የመጣ ነገር የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። የራሳችን ግን ነበረን፤ ለዚያውም በአገር ደረጃ። የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ይባላል። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በ1957 ዓ.ም. ጀመረው። ዲግሪ የሚፈልግ ተማሪ አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቶቹ ወርዶ ማገልገል ነበረበት። አብዛኞቹ አስተማሩ፤ የቀሩት በየሙያቸው ተመደቡ።

ይህን ሳነሣ ትልልቅ ሰዎች ሳይቀሩ «እ፣ ዘመቻውን ነው?» ይሉኛል። አይደለም! የእድገት በኅብረት ዘመቻ በ1967 ዓ.ም. መንግሥት ያወጀው ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ተዘግቶ ተማሪው በጅምላ ዘመተ። አገልግሎቱን የደነገገው ዩኒቨርሲቲው ራሱ ነበር። ተማሪው የሚሄደው ከሌሎች ጥቂት ጓደኞቹ ጋር ነው፤ ትምህርት ቤት ይመደባል፣ በርእሰ መምህር ሥር ይሠራል፣ የክፍል መዝገብ ይይዛል፣ ፈተና ያርማል። ሁለቱን አንድ የሚያደርግ ሰው የዘመቻውን ጣጣ ሁሉ በአገልግሎቱ ላይ ይጭነዋል፤ መልካሙ ነገር የተረሳውም በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

እኔ ከሁሉ አስበልጬ የምወድለት ጊዜውን ነው። አገልግሎቱ ምረቃ ከተደገሰ በኋላ የሚመጣ አልነበረም፤ ሦስተኛው ዓመት እንዳለቀ፣ የመጨረሻው ዓመት ሳይጀመር ነው። ተማሪው ይሄዳል፣ ያያል፣ ከዚያ ተመልሶ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል። ጎበዝ የነበረው የገበሬ ልጅ ለምን ሰባተኛ ክፍል ላይ እንደቀረ ያየ ሰው ስለ መሬት ሥሪት የሚሰጠውን ትምህርት እንደ ድሮው አይሰማም። «መሬት ለአራሹ» የተባለበት የየካቲት 1957 ሰልፍ ሲደረግ የመጀመሪያዎቹ አገልጋዮች ገና በየተመደቡበት ነበሩ። መፈክሩ ከእነሱ አልተወለደም፤ እነሱ ተመልሰው የሚያውቁትን ጭሰኛ ጨመሩበት። ዛሬ ኢንተርንሺፑ በክረምት ሁለት ወር ተጨምቆ፣ ሪፖርቱ ገቢ ከሆነ በኋላ ስላየው ነገር ተማሪውን የሚጠይቀው የለም። መምህራኑን ይህ ሊቆጫቸው ይገባል።

ወሎ ውስጥ አርዲቦ ሐይቅ አጠገብ ያገኘሁት ኢንተርን ስምንተኛ ክፍሎችን ከሰዓት ቱቶሪያል ያስጠና ነበር። ጎበዟ ተማሪ ሰኞ ሰኞ ትቀራለች፤ እሱም በአቴንዳንሱ ላይ «ቀሪ» እያለ ይጽፋል። አንድ ቀን ማሳቸው ድረስ ሄደ። አባቷ በአካፋ ቦይ እየቀየሩ፣ ልጅቷ በየመደቡ ውኃ እያስገባች ሽንኩርት ታጠጣለች። «ልጄ፣ ተራችን ሰኞ ነው። ውኃ ደግሞ ተራው ካለፈ አይጠብቅህም» አሉት። ኢንተርኑም ተራ የሚያከፋፍሉትን የውኃ አባት ጠይቆ የየቤቱን ተራ በደብተሩ ገለበጠ፤ የጥናቱንም ሰዓት ወደ ጠዋት አዛወረው። «ቲቸር፣ አሁንስ ቀሪ የለብኝም» አለችው ብሎ ነገረኝ። ስለ ሥራው ካጫወተኝ ሁሉ እኔ የያዝኩት ያንን ደብተር ነው። በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከተቀመጡት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው ሲባል ሁላችንም ደነገጥን። እንዲህ ያለው ሰኞ ሲጠራቀም ምን እንደሚያስከትል የሚያሳይ ደብተር ግን ስንቱ ቢሮ ውስጥ አለ? ይልቅስ ድርጅቶቹ ኢንተርኑን ፎቶ ኮፒ ሲያስነሡትና ከልጆች ጋር ፎቶ ሲያነሡት ይውላሉ።

ሌላው የአበል ነገር ነው። የዩኒቨርሲቲው አገልጋዮች መጠነኛ አበል ነበራቸው፤ ስለዚህ የድኻውም ልጅ ከሀብታሙ እኩል ይሄዳል። አሁን ብዙዎቹ ድርጅቶች ኢንተርንን በነፃ ያሠራሉ። በነፃ መሥራት የሚችለው ማነው? የቤት ኪራዩን ወላጅ የሚከፍልለት ነው። ከዚያው አካባቢ፣ ከተሁለደሬ ገጠር ወጥቶ ዩኒቨርሲቲ የገባው፣ የሽንኩርቱን ተራ ማንም ሳይነግረው የሚያውቀው ልጅ በሩ ላይ ይቀራል። ለእኩልነት ቆሜያለሁ የሚል ድርጅት ከዚህ ቢጀምር ደስ ይለኛል።

ተማሪን ማብላት ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም። በ13ኛው መቶ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ለአርዲቦ ቅርብ ነው። የቆሎ ተማሪው በየደጁ ቆሞ በለመነው፣ የወሎ ደረሳም መንደሩ ባወጣለት ምግብ ተምሯል፤ ከፍ ያለውም ታናሹን አስቀጽሏል። ሐይቅ ከተማ ውስጥ ለአንድ ኢንተርን ማደሪያና እራት የሚሰጥ ቤት አይጠፋም፤ ድርጅቱ የትራንስፖርቱንና የኪስ ገንዘቡን ከቻለ፣ የቀረውን ከቀበሌው ጋር ተነጋግሮ ማዘጋጀት ይቻላል።