ቂርቆስና ካዛንቺስን መጎብኘት፦ ሕንፃው፣ መንገዱና ሰፈሩ



ከጥቂት ዓመታት በፊት ተማሪዎቼን ይዤ ከመስቀል አደባባይ ወደ ካዛንቺስ በእግር ስንጓዝ፣ አንዲት ተማሪ በሁለት የቆርቆሮ አጥሮች መካከል ቆማ «መምህር፣ እዚህ የሚጎበኘው የቱ ነው?» ስትል ጠየቀችኝ። ያን ዕለት የሰጠኋት መልስ ዛሬ አያረካኝም። የአሁኑ ገለጻዬ ያንን መልስ ለማረም ያለመ ነው።

ከስሞቹ ልጀምር። ቂርቆስ ክፍለ ከተማ መጠሪያውን ያገኘው ከቅዱስ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ቂርቆስ ሐምሌ 19 ቀን ከእናቱ ከኢየሉጣ ጋር የሚታሰብ ሕፃን ሰማዕት ነው። የካዛንቺስ ስም ምንጭ ግን እጅግ የተለየ ነው። በወረራው ዘመን ለጣሊያን መንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ የሚሠራው ብሔራዊ ተቋም በምህጻረ ቃል «ኢንቺስ» ይባል ነበር፤ «ካዜ» በጣሊያንኛ ቤቶች ማለት ነው። «ካዜ ኢንቺስ» በአዲስ አበባ ሕዝብ አንደበት ካዛንቺስ ሆነ፤ ብዙዎቻችን እንዲያውም ካሳንቺስ እንላለን። ጉይዲና ቫሌ የተባሉት አርክቴክቶች ያወጡት የከተማ ፕላን ነጩንና ጥቁሩን በሰፈር የሚለይ ነበር። ስለዚህ ስሙ ራሱ ሰነድ ነው፤ አገሬው እንዲርቅ ታስቦ የተቆረቆረ ሰፈር፣ ከ1933 ዓ.ም. በኋላ አገሬው ገብቶበት በራሱ አነጋገር ዳግም የሰየመው።

አሁን ጉብኝቱን እንጀምር። ከመስቀል አደባባይ ዳር ያለው የራስ ብሩ ወልደ ገብርኤል መኖሪያ ዛሬ የአዲስ አበባ ሙዚየም ነው። ይህችን ከተማ ለማያውቅ እንግዳ ከዚህ የተሻለ መነሻ የለም፤ የመኳንንቱ ቤት በእንጨት በረንዳውና በደረጃው የጣሊያን ሲሚንቶ ከመምጣቱ በፊት የነበረውን የአሠራር ጥበብ ያሳያል። ከእሱ አቅራቢያ በ2002 ዓ.ም. የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም አለ። ሁለቱን በአንድ ጧት የጎበኘ ሰው ከአደባባዩ መሐል ቆሞ ያስብ፤ በየመስከረሙ ደመራ የሚደመርበት ይህ ስፍራ በደርግ ዘመን አብዮት አደባባይ ይባል ነበር፤ ሊቀ መንበር መንግሥቱም በ1969 ዓ.ም. ደም የሚመስል ፈሳሽ የያዙ ጠርሙሶችን የሰበሩት እዚሁ ነው። ለገሀርን ዛሬ አልፈዋለሁ። ብቻ ከባቡር ጣቢያው ፊት ለ1923ቱ የዘውድ በዓል የቆመው የይሁዳ አንበሳ በወራሪው ወደ ሮም ተግዞ እንደተመለሰ አትርሱ።

የአካባቢው ትልቁ ቅርስ፣ በእኔ ግምት፣ የአፍሪካ አዳራሽ ነው። ጣሊያናዊው አርክቴክት አርቱሮ መዘዲሚ ነድፎት በ1953 ዓ.ም. ተመረቀ፤ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተውም ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. በዚሁ አዳራሽ ነው። የአፈወርቅ ተክሌ ባለ ቀለም መስታወት 150 ካሬ ሜትር ያህል ስፋት አለው፤ በሦስት ክፍል የአህጉሩን ትናንት፣ ዛሬና ነገ ያሳያል። ፀሐይ ሲመታው ቀለሙ ወለሉ ላይ ይወርዳልና በዚያ ሰዓት ሂዱ። ከፊት ለፊቱ ያለው የኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ለዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ 25ኛ ዓመት የተሠራ ሲሆን፣ እድሳቱ የተመረቀው በ2017 ዓ.ም. ነው።

አዳራሹም ታድሶ የተከፈተው በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ነው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ለእድሳቱ 57 ሚሊዮን ዶላር ያህል ፈቅዶ ነበር። በዚያው ሰሞን፣ ከአዳራሹ በእግር በሚደረስበት ርቀት፣ ካዛንቺስ በኮሪደር ልማት ምክንያት ይፈርስ ነበር። መላኩ በላይ ይመራው የነበረው የፈንድቃ አዝማሪ ቤትም ከፈረሱት አንዱ ነው።

ይህን ስል የቀድሞውን ካዛንቺስ ገነት አድርጌ ለመሳል አይደለም። በጋራ መጸዳጃ የኖረ፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ጣሪያው እያፈሰሰበት ባልዲ የደረደረ ሰው እንዲህ ያለውን ናፍቆት ቢታዘበው አልፈርድበትም። ነገር ግን ቤቱ ለምን እንዲያ እንደሆነ መጠየቅ አለብን። አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ካደረገ በኋላ፣ ብዙው ቤት የቀበሌ ሆነ። ኪራዩ ጥቂት ስለነበር ለጥገና አይበቃም፤ ተከራዩ የራሱ ያልሆነውን ቤት ለማደስ አቅሙም መተማመኛውም የለውም፤ ቀበሌውም አያድስም። ቤቱ በዐርባና በአምሳ ዓመት ውስጥ አረጀና «ያረጀ ሰፈር» ተባለ። እርጅናው የአስተዳደር ውጤት ሆኖ ሳለ፣ ለመፍረሱ በቂ ምክንያት ተደርጎ ተወሰደ።

ሌላው እንዴት እንዳሰበበት ለማየት ወደ እንግሊዝ እንሻገር። ስታምፎርድ በሊንከንሻየር የምትገኝ ጥንታዊ የገበያ ከተማ ናት። ጎብኚ የሚሄድባት ለአብያተ ክርስቲያናቷ ብቻ አይደለም፤ በቢጫማ ድንጋይ የተሠሩት ተራ ቤቶች፣ መጠጥ ቤቶችና ጠባብ መተላለፊያዎች አንድ ላይ ስለሚታዩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 የወጣው ሕግ ነጠላ ሕንፃን ብቻ ሳይሆን አካባቢን በሙሉ መጠበቅ አስቻለ፤ በዚያ ሕግ በአገሪቱ የመጀመሪያዋ የተከለለች አካባቢም ስታምፎርድ ሆነች። መከለል ማለት ግን ማድረቅ አይደለም፤ ሰው ይኖርበታል፣ ይሸጥበታል፣ ይለውጠዋል፤ ለውጡ ግን የአካባቢውን ጠባይ እንዳያጠፋ ይመረመራል።

የእኛም አዋጅ ቁጥር 209/1992 ግዙፍነት ያለውንም የሌለውንም ቅርስ ያውቃል። በእኔ ንባብ ጉድለቱ በተግባር ላይ ነው፤ ቅርስ ስንል አሁንም የምንቆጥረው አንድ ቤት፣ አንድ ሐውልት፣ አንድ ጽላት ነው። ቀደም ሲል የጎበኘናቸው ሁሉ ስም ያለው ባለቤት፣ መዝገብና በር ያላቸው ናቸው። አዝማሪው በማሲንቆ እንግዳውን ሲያወድስና ሲሸነቁጥ ያመሸበት ቤት ግን ለሕንፃነቱ የሚመዘገብ ነገር የለውም። ዋጋው ከጎኑ ካለው ጠጅ ቤት፣ ከማዶው ሱቅ፣ ከአድማጩ ጋር ሲቆም ነው። አድማጩ ወደ ከተማዋ ዳርቻ ከተዛወረ ዘፈኑን ብቻውን ማቆየት አይቻልም።

ለዚያች ተማሪ ዛሬ የምመልስላት ይህንን ነው፦ የሚጎበኘው የቆምሽበት መንገድ ነው፤ በሁለቱ አጥሮች መካከል ማን እንደሚያልፍ፣ ማን ማንን በስሙ እንደሚጠራ ነው። የዚህ ዓመት የመስክ ሥራችንም በዚሁ መንፈስ ይካሄዳል። ከፈረሰው ሰፈር የወጡ ሰዎች ፈቃዳቸው ከሆነ፣ እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ቤተሰብ ጋር ተቀምጦ የቀድሞ መንደራቸውን ካርታ ከትዝታቸው ይስላል፤ ቧንቧው የት ነበር፣ ዕድሩ ድንኳኑን የት ያስቀምጥ ነበር፣ ልጆች በየት አቋርጠው ትምህርት ቤት ይሄዱ ነበር። ለመሳል ወረቀትና እርሳስ ይበቃል። መቅጃ የያዘ ግን ከመክፈቱ በፊት ያስፈቅድ።

አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።