እብነ በረድ ስንት ዲግሪ ጋለ?

ከአሶሳ ወጥቶ ወደ ጾሬ የሚሄድ ሰው የሚረግጠው፣ በአገራችን ካሉት እጅግ አሮጌ አለቶች አንዱን ነው። ከ800 እስከ 550 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት የጥንቱ የሞዛምቢክ ውቅያኖስ ሲዘጋ፣ የባሕሩ ወለል ደለል ተጣጥፎ ወደ ጥልቅ ወረደ፣ ጋለም። የኖራው ድንጋይ እብነ በረድ የሆነው በዚህ መንገድ ነው። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ማንኩሽና ቡለን በእብነ በረዳቸው ይታወቃሉ።

ምን ያህል ጋለ? ፍንጩ ብዙ ጊዜ በእብነ በረዱ ላይ በሚታየው ግራጫ መስመር ውስጥ ነው። ግራጫ ያደረገው በአብዛኛው ግራፋይት ሲሆን፣ ግራፋይቱም በዚያ ባሕር የኖሩ ጥቃቅን ፍጥረታት ቅሪት ነው። ካርቦን ሁለት የማይፈርሱ ዓይነቶች አሉት፦ 99 በመቶ የሚሆነው ካርቦን 12፣ ቀሪው ከባዱ ካርቦን 13። ፍጥረታት ቀላሉን ስለሚመርጡ፣ በቅሪታቸው ያለው ካርቦን 13 ከባሕሩ ኖራ በ25 ከሺህ ገደማ ያንሳል። አለቱ ሲግል ግን ግራፋይቱና የእብነ በረዱ ዋና ማዕድን የሆነው ካልሳይት ካርቦን ይለዋወጣሉ፤ ሙቀቱ በጨመረ ቁጥር ልዩነቱ ይጠባል። በ650 ዲግሪ ሴልሺየስ 4.2 ከሺህ፣ በ700 3.8፣ በ800 ደግሞ 3.1 ያህል ይቀራል።

ቤተ ሙከራ ውስጥ ሥራው እጅን ይፈልጋል። ድንጋዩ ይፈጫል፤ የሚያብረቀርቁት የግራፋይት ቅርፊቶች በማጉያ መነጽር ሥር አንድ በአንድ ይለቀማሉ። ካልሳይቱ በፎስፎሪክ አሲድ ይሟሟል፤ ግራፋይቱ ይቃጠላል። ከሁለቱም የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በማስ ስፔክትሮሜትር ይለካል።

ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ያጎለበቱት ጆን ቫሊና ጄምስ ኦኒል ሲሆኑ፣ የፈተኑትም በኒውዮርክ አዲሮንዳክ ተራሮች ነበር። እኔን የሚያስደንቀኝ የግራፋይቱ ጽናት ነው። ሌሎች ብዙ ማዕድናት አለቱ ሲቀዘቅዝ ቅንብራቸውን ይለውጣሉ፤ ግራፋይት ግን አንዴ የያዘውን በቀላሉ አይለቅም። ስለዚህ የሚነግረን አለቱ የደረሰበትን ከፍተኛ ግለት ነው። የወረደበትን ጥልቀትና ከላዩ ተሸርሽሮ የሄደውን የመሬት ውፍረትም ከዚያ መገመት ይቻላል።

በምዕራብ ኢትዮጵያ ግን ጥንቃቄ ይሻል። የክልሉ ብዙ አለቶች፣ በተለይ ወርቅ የሚፈለግባቸው አረንጓዴ ሺስቶች፣ ብዙም ሳይግሉ የተለወጡ ናቸው። እዚያ ልውውጡ ስለማይጠናቀቅ ልዩነቱ ሰፍቶ ይቀራል፤ ቁጥሩን እንዳለ ያመነ ሰው ይሳሳታል። ናይስ በሚባለው፣ በከፍተኛ ግለት በተለወጠው አለት መካከል ካሉት፣ ክሪስታላቸው በደንብ ካደገ እብነ በረዶች የሚወሰድ ናሙና ይሻላል፤ የግራፋይቱ ቅርፊትም በዓይን የሚለይ ትልቅ ቢሆን ይመረጣል።