የወረዳ ወሰን በአንድ መስመር ትእዛዝ

የወባ ሕሙማንን ቁጥር በየወረዳው የሚያሳይ ሠንጠረዥ ወደ ካርታ ለመለወጥ የሚጎድለው የወረዳዎቹ ወሰን ነው። ወሰኑን ከወረቀት ካርታ ላይ እየተከተሉ መሣል አድካሚ ነው። «አር» በተባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ለሚሠራ ሰው ግን «ጂኦዳታ» በተሰኘው ፓኬጅ ውስጥ «ጋዳም» የሚባል ፈንክሽን አለለት።

ፈንክሽኑ ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ የየትኛው አገር ወሰን፣ በየትኛው ደረጃ፣ የትኛው ፎልደር ውስጥ ይቀመጥ። ለኢትዮጵያ 0 ካሉት የአገሪቱን ዳር ድንበር ያመጣል፤ 1 ክልሎችን፣ 2 ዞኖችን፣ 3 ወረዳዎችን። የወረደው ፋይል ፎልደሩ ውስጥ ስለሚቆይ ትእዛዙ ቢደገም ዳግም አይወርድም። ኔትወርኩ ደካማ ለሆነበት ደግሞ መስመሮቹ የቀለሉ ሌላ ቅጂ ማዘዝ ይቻላል።

ፈንክሽኑ ስሙን የወሰደው ሮበርት ሄይማንስ የተባሉ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ምሁር ከመሠረቱት የዓለም ወሰኖች መዝገብ ነው። መዝገቡ ለጥናትና ለትርፍ ላልቆመ ሥራ ነፃ ነው፤ ለንግድ ለማዋል ወይም መልሶ ለማሰራጨት ግን ፈቃድ ያስፈልጋል።

ጥንቃቄው እዚህ ላይ ነው። ፈንክሽኑ የሚያመጣው መዝገቡ ያስቀመጠውን እንጂ የዛሬውን አስተዳደር አይደለም። የመዝገቡ 4.1 ቅጂ በደረጃ 1 ኢትዮጵያን በ11 ይከፍላታል፤ 9 ክልሎች፣ አዲስ አበባና ድሬዳዋ። የቀድሞው የደቡብ ክልል እዚያ ገና አንድ ነው። ሲዳማ ግን በ2012 ዓ.ም.፣ ደቡብ ምዕራብ በ2014 ዓ.ም. ክልል ሆነዋል፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ የቀረው ለደቡብ ኢትዮጵያና ለማዕከላዊ ኢትዮጵያ ተከፍሏል። አዲሱን ሠንጠረዥ ከዚህ ካርታ ጋር ያገናኘ ሰው የሲዳማ ቁጥር ማረፊያ ያጣበታል። መፍትሔው ወደ ዞን ደረጃ ወርዶ ዞኖቹን በአዲሶቹ ክልሎች እንደገና ማሰባሰብ ነው።

ሌላው ችግር ስም ነው። አንዱ ከተማ በላቲን ፊደል በብዙ መልክ ስለሚጻፍ ኮምፒውተሩ ሁለት ቦታ አድርጎ ይቆጥረዋል። የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ ጉዳዮች ማስተባበሪያ ቢሮ የሚያሰራጨው የኢትዮጵያ ወሰን ፋይል ለእያንዳንዱ አካባቢ መለያ ኮድ የሚሰጠው ለዚህ ነው፤ የአዲስ አበባ «ኢቲ14» ነው። ሠንጠረዥንና ካርታን በስም ሳይሆን በኮድ ማገናኘት ይመረጣል።

ካርታውን የሚያትም ሰው ከሥሩ ሁለት ነገር ይጻፍ፦ ወሰኑን ከየት እንዳመጣውና የስንተኛው ቅጂ እንደሆነ። አንባቢው አዲስ ክልል ፈልጎ ቢያጣ ምክንያቱን የሚያውቀው በዚያ ነው።