ስምና ቁጥር ቦታ ቦታቸውን ሲይዙ

በመሥሪያ ቤት ተቀምጦ የደመወዝ መክፈያ ዝርዝር ያዘጋጀ ሰው አንድ ነገር ጠንቅቆ ያውቃል፤ ይኸውም የአሥር ቤት ከአሥር ቤት፤ የመቶ ቤት ከመቶ ቤት፤ ሳንቲምም ከሳንቲም ሥር መዋል እንዳለበት ነው። አንድ ቁጥር ከቦታው ፈቀቅ ቢል ድምሩ ይበላሻል፤ ድምሩ ሲበላሽም የሰው እንጀራ ይጓደላል። በእጁ ለሚጽፍ ሰው ይህን የሚጠብቅለት የተሰመረው መዝገብ ነው። ለኮምፒዩተርስ መስመሩን የሚያሰምርለት ማን ነው?

የሚያሰምርለት ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው ነው። ኮምፒዩተር ቁጥርን በሆዱ የሚይዘው ያለ መልክ ነው። ስንት ቦታ እንደሚሰጠው፤ ከነጥብ በኋላ ስንት አኃዝ እንደሚታይ፤ ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ እንደሚጠጋ ካልተነገረው በራሱ ልማድ ያትመዋል። ስለዚህ ብዙዎቹ የኮምፒዩተር ቋንቋዎች «የቅርጽ ትእዛዝ» ልንለው የምንችል መሣሪያ አላቸው።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1957 በጆን ባከስ መሪነት የአይ ቢ ኤም ኩባንያ ሰዎች ያወጡት ፎርትራን የተባለው ቋንቋ ይህን መሣሪያ ይዞ ተነሣ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ዴኒስ ሪቺ በቤል ላቦራቶሪ የሠራው «ሲ» የተባለው ቋንቋ «ፕሪንትኤፍ» የሚባለውን የማተሚያ ትእዛዝ በዓለም አስለመደ። አሠራሩ አጭር ነው። የ% ምልክት «እዚህ ላይ ቦታ ያዝ» ማለት ነው፤ ቀጥሎ 8 ቢጻፍ የቦታው ስፋት ስምንት ይሆናል፤ ነጥብና 2 ቢከተሉ ከነጥብ በኋላ ሁለት አኃዝ ይታያል፤ በመጨረሻ የምትቆመው የላቲን ፊደል የሚመጣው ነገር ሙሉ ቁጥር፤ ክፍልፋይ ወይም ቃል መሆኑን ትናገራለች። በዚህ ትእዛዝ 1250.5 የነበረው ከፊቱ አንድ ባዶ ቦታ አስቀድሞ፤ ወደ ቀኝ ተጠግቶ፤ 1250.50 ሆኖ ይወጣል።

ቁጥሩ ከተመደበለት ቦታ ቢሰፋስ? ፎርትራን ቦታውን በኮከብ ምልክት ሞልቶ «አልበቃኝም» ይላል። ሲ ግን ቁጥሩን ሳይቆርጥ ጎረቤቱን እየገፋ ያትመዋል። አንደኛው ቁጥሩን ይሸሽጋል፤ ሁለተኛው ሰንጠረዡን ያዛባል፤ ሁለቱም ግን ጥፋቱን ለዓይን ያሳያሉ። የሚያስፈራው አሳማኝ መስሎ የሚወጣው ስሕተት ነው። ይህንም የተማርሁት በራሴ ጥፋት ነው።

ባለፈው ዓመት የክፍሌን ተማሪዎች ማርክ የሚያትም ፕሮግራም በሲ ጻፍሁ። ለስም 24፤ ለመጀመሪያው ፈተና 8፤ ለሁለተኛውም 8 ቦታ መደብሁ። ስሞቹን በላቲን ፊደል ጽፌ ስሞክረው ዝርዝሩ እንደ ወታደር ሰልፍ ቀጥ ብሎ ወጣ። ደስ ብሎኝ ስሞቹን በአማርኛ ፊደል መልሼ ጻፍኋቸውና አተምሁ። መስመሮቹ መወላገዳቸውን ባይም የማተሚያው ጥፋት ነው ብዬ ናቅሁት፤ ወረቀቱንም ወደ ሮስተር እንዲገለብጥ ለባልደረባዬ ሰጠሁት።

በማግሥቱ አንዲት ተማሪ መጣችና፤ «መምህር፤ ታምሜ የቀረሁት ከመጀመሪያው ፈተና ነው። ሁለተኛውን እርስዎ ባሉበት ተፈትኛለሁ። ለምን ሁለተኛውን አልተፈተነችም ተባልሁ?» አለችኝ። ወረቀቱን ባየው እውነቷን ነው። የሁለተኛው ፈተና ማርኳ ከመጀመሪያው ርእስ ሥር ገብቶ፤ የሁለተኛው ቦታ ባዶ ሆኖ ታትሟል።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ኮምፒዩተር ፊደልን የሚያስቀምጠው ባይት በሚባሉ ትንንሽ መስፈሪያዎች ነው። ለተራ የላቲን ፊደል አንድ ባይት ይበቃዋል። የእኛ ፊደል ግን በ1999 ዩኒኮድ በተባለው የዓለም ፊደላት መዝገብ በተሰጠው ቦታ መሠረት፤ ዛሬ በብዛት በሚሠራበት «ዩቲኤፍ 8» በተባለው አጻጻፍ፤ ለእያንዳንዱ ሦስት ባይት ይፈልጋል። የሲ ትእዛዝ የሚቈጥረው ደግሞ ባይትን እንጂ ፊደልን አይደለም። የተማሪዋ ስም አራት ፊደል ነው፤ ሲ ግን 12 ብሎ ቈጠረውና 20 ባዶ ቦታ መጨመር ሲገባው 12 ብቻ ጨመረ። የጎደለው 8 ነው፤ ይህም የአንድ ማርክ ዓምድ ስፋት ልክ ነው። ማርኳ አንድ ዓምድ ሙሉ ወደ ግራ ተሰደደ።

መድኃኒቱ አስቸጋሪ አይደለም። ፓይዘን የተባለውን ቋንቋ የመሰሉት ፊደልን በፊደልነቱ ስለሚቈጥሩ ለአማርኛ ዝርዝር ይመቻሉ። እንደዚያም ሆኖ እያንዳንዱ ፊደል እኩል ስፋት የሚይዝበትን የፊደል ዓይነት መምረጥ ያስፈልጋል፤ አለዚያ ሰፊዋ «ጠ» ከቀጭኗ «ነ» ይበልጥ ስለምትገፋ ቈጠራው ልክ ቢሆንም ዓምዱ ያዘነብላል። ደግሞም ዝርዝሩን ከማመን በፊት በአጭሩ ስም፤ በረጅሙ ስም፤ በትልቁ ቁጥርና በሌለ ቁጥር መፈተን ይገባል። የሌለው ቁጥር ቦታም ባዶ አይተው፤ «አልተፈተነም» ተብሎ ይጻፍበት።

የተማሪዋ ማርክ በዚያው ቀን ከሮስተሩ ላይ ታረመ። ዝም ብላ ቢሆን ኖሮ ግን የሚታመነው ወረቀቱ ነበር፤ የታተመውን ነገር የማመን ልማድ አለብንና።