ለአዲስ ፋርማሲስት የሚገባው የመነሻ ደመወዝ ስንት ነው? ስለ ሰሜን ሸዋ የመድኃኒት ባለሙያዎች ሥራ አጭር ሐተታ

ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር የሚወስደው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ነገር ግን በዚህ አጭር መንገድ ግራና ቀኝ ጫፍ ላይ ሁለት የማይስማሙ ነገሮች ይታያሉ። በአንዱ ጫፍ፣ በደብረ ብርሃን ከተማ፣ አምስት ዓመት ተምሮ፣ የመውጫውን ፈተና አልፎ፣ ማስረጃውን በእጁ ይዞ ሥራ የሚፈልግ ወጣት ፋርማሲስት አለ። በሌላው ጫፍ፣ በአንኮበር ደጋና ቆላ፣ መድኃኒቱን የሚወስድበትን መጠንና ሰዓት አስተካክሎ የሚነግረው ሰው የሚፈልግ ሕመምተኛ አለ። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ወይም የሚለያያቸው ምንድን ነው ብለን ብንጠይቅ፣ መልሱ በአብዛኛው ደመወዝና የሥራ መደብ ሆኖ እናገኘዋለን።

«ፋርማሲስት በዝቷል፤ ስለዚህ ደመወዙ ቢያንስ አይገርምም» የሚለው ንግግር በጓደኞቻችን መካከል እየተለመደ መጥቷል። ንግግሩ ግማሹ እውነት ነው፤ ግማሹ ግን ስሕተት ነው። በዚህ ጽሑፍ እውነቱን ከስሕተቱ ለይተን ለማስረዳት እንሞክራለን።

ሀ. ጥቂት ስለ ታሪኩ

መድኃኒት ለሰሜን ሸዋ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። አባቶቻችንና እናቶቻችን ኮሶን ከደጋው ዛፍ አውርደው፣ አድርቀውና ወቅጠው ሲጠጡ ኖረዋል። የኮሶ አበባ በ19ኛው መቶ ዘመን ከአገራችን ወጥቶ በአውሮፓ የመድኃኒት መዝገብ ውስጥ እስከ መግባት ደርሶ ነበር። ባሕር ማዶ ያለው ሐኪምም አንኮበር በመጣ ጊዜ ፈላጊ አላጣም። እ.ኤ.አ. በ1841 በካፒቴን ሃሪስ የተመራው የእንግሊዝ መልእክት ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ ሲደርስ ሐኪም ይዞ ነበር፤ ንጉሡም መድኃኒት ይጠይቁ እንደ ነበር ተጽፏል። ከዚያም ቈይቶ የኢጣልያ የጂኦግራፊ ማኅበር በአንኮበር አጠገብ ልጥ ማረፊያ ላይ ጣቢያ ሲያቋቁም፣ በጣቢያው ከተቀመጡት ሰዎች መካከል እንደ ትራቨርሲና ራጋጺ ያሉ ሐኪሞች ነበሩ።

በአዲስ አበባ ዶክተር ሜራብ የተባለው የጆርጂያ ተወላጅ እ.ኤ.አ. በ1910 ገደማ ፋርማሲ ከፈተ። ሙያው በአገር ልጅ እጅ በዲግሪ ደረጃ መግባት የጀመረው ግን የፋርማሲ ትምህርት ቤት በዩኒቨርስቲያችን እ.ኤ.አ. በ1961 ከተቋቋመ በኋላ ነው። በዚያን ዘመን የተመራቂው ቍጥር በጣት የሚቈጠር ስለ ነበረ ሥራ ፍለጋ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ሥራው ራሱ ሰውን ይፈልግ ነበር። ከዚያ ወዲህም ለረዥም ጊዜ የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ምሩቃንን በዕጣ ለየክልሉ ይደለድል ነበር። ዕጣው ሩቅ አገር ቢያወጣም እንጀራን ያረጋግጥ ነበር።

ለ. ብዛቱ ከየት መጣ?

የብዛቱ ምክንያት የከፍተኛ ትምህርት መስፋፋት ነው። የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ በፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ስም በተሰየመው የጤና ሳይንስ ግቢውም የፋርማሲ ትምህርት ይሰጣል። በዚያው ዘመን በሌሎች ክፍለ አገሮችም አዳዲስ ዩኒቨርሲቲዎች ተከፍተዋል፤ የግል ኮሌጆችም ተጨምረዋል። ከዚህም ጋራ ከመቶ ሰባ እጅ ተማሪ ወደ ተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ ሠላሳ እጅ ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ እንዲገባ የሚያዘው ሥርዐት ለጤና ትምህርት በሩን ይበልጥ አሰፋው።

ይህ በራሱ ክፉ አይደለም። ችግሩ የተማሪው ቍጥር የሚወሰነው በአንድ ቢሮ፣ የሥራ መደቡ የሚፈቀደው በሌላ ቢሮ መሆኑ ነው። ዩኒቨርሲቲው ተማሪ ሲቀበል ከአምስት ዓመት በኋላ የወረዳው በጀት ምን ያህል ሰው እንደሚቀጥር አይጠየቅም፤ ወረዳውም በጀቱን ሲሠራ ስንት ሰው እንደሚመረቅ አይመለከትም። ስለዚህ በመጨረሻ የሚታየው የባለሙያ ትርፍ አይደለም፤ የመደብ ጕድለት ነው። ሕመምተኛው አለ፤ ባለሙያውም አለ፤ የሌለው በመካከላቸው የሚቆመው የደመወዝ መስመር ነው።

ይህን በገበያ ምሳሌ ብናስረዳ ይቀላል። በደብረ ብርሃን ገበያ በፋሲካ ዋዜማ የበግ ዋጋ ይወጣል፤ በዓሉ ሲያልፍ ይወርዳል። የመንዙ ባለበግ ዋጋው ካልጣመው በጉን ነድቶ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ በጉም ሣር ይግጣል፤ እስከሚቀጥለው በዓል ይሰነብታል። የአዲሱ ምሩቅ ጕልበት ግን ተመልሶ አይሰነብትም። ዛሬ ያልተሸጠ የሥራ ቀን ነገ አይገኝም፤ የተማረውም ሳይሠራበት ሲቀር ይረሳል። ቀጣሪውም ይህን ያውቃል። «የቸገረው እርጕዝ ያገባል» እንደ ተባለው፣ ምሩቁ የተሰጠውን ደመወዝ ሁሉ የሚቀበለው በዚህ ምክንያት ነው።

ሐ. ሥራው ያለው የት ነው?

ለአዲስ ፋርማሲስት የሚከፈቱ በሮች አራት ናቸው። አንደኛው የመንግሥት ሆስፒታልና ጤና ጣቢያ ነው። ሁለተኛው የግል ችርቻሮ ሲሆን፣ ይህም በሦስት ደረጃ ይከፈላል፤ ፋርማሲ፣ መድኃኒት መደብርና የገጠር መድኃኒት ቤት። ከነዚህ የዲግሪ ባለሙያ በኀላፊነት እንዲቆምበት ግድ የሚሆነው ፋርማሲው ነው። ሦስተኛው አስመጪና አከፋፋይ ድርጅት፣ አራተኛው ፋብሪካ ነው። የኋለኞቹ ሁለቱ በብዛት የሚገኙት በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ስለ ሆነ፣ በሰሜን ሸዋ መኖር ለሚፈልግ ሰው የሚቀሩት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ብቻ ናቸው።

መ. ስሌቱ

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ በተደረገው የመንግሥት ሠራተኞች የደመወዝ ማሻሻያ የዲግሪ ምሩቅ መነሻ ከ6,940 ብር ወደ 11,500 ብር ከፍ እንዲል ተወስኗል። የጤና ባለሙያ እንደ ሥራ ደረጃው ሊለይ ቢችልም፣ ለስሌታችን መለኪያ አድርገን ይህን እንወስዳለን።

በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር ሕግ መሠረት የመጀመሪያው 2,000 ብር ከግብር ነጻ ነው። ከዚያ በላይ ያለው 2,000 ብር በመቶ 15፣ ቀጥሎ ያለው 3,000 ብር በመቶ 20፣ ቀጥሎ ያለው 3,000 ብር በመቶ 25፣ ከ10,000 በላይ እስከ 14,000 ያለው ደግሞ በመቶ 30 ይከፈልበታል። ስለዚህ በ11,500 ብር ላይ የሚቈረጠው ግብር 300 ሲደመር 600 ሲደመር 750 ሲደመር 450፣ በድምሩ 2,100 ብር ነው። የጡረታ መዋጮ በመቶ 7 ማለት 805 ብር ነው። እጅ የሚገባው 8,595 ብር ይሆናል።

አሁን አንድ የግል ፋርማሲ 14,000 ብር ልክፈልህ ቢለው እንበል። ወጣቱ 2,500 ብር ብልጫ አገኘሁ ብሎ ደስ ይለዋል። ነገር ግን የመንግሥት መደበኛ የሥራ ሰዓት በሳምንት 39 ሲሆን፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ለግሉ ሥራ የሚፈቅደው እስከ 48 ሰዓት ነው። በወር ሲታሰብ የመጀመሪያው 169፣ ሁለተኛው 208 ሰዓት ይሆናል። 11,500 ብር ለ169 ሲካፈል በሰዓት 68 ብር ያህል ነው፤ 14,000 ብር ለ208 ሲካፈል በሰዓት 67 ብር ያህል ነው። ብልጫ የመሰለው ነገር በሰዓት ሲመዘን ጠፋ ማለት ነው። ከግብርና ከጡረታ በኋላም 14,000 ብሩ 10,170 ብር ይቀራል፤ ስለዚህ ወጣቱ በወር 39 ተጨማሪ ሰዓት ሠርቶ በእጁ የሚጨምረው 1,575 ብር፣ ማለትም በሰዓት 40 ብር ያህል ነው። የጡረታ መዋጮ የማይከፍል፣ ውል በጽሑፍ የማይሰጥ ቀጣሪ ከሆነ ደግሞ ጕዳቱ ከዚህ ይብሳል።

ይህን ስሌት የሠራነው የግል ሥራን ለማጥላላት አይደለም። ደመወዝ ማለት በወረቀት የተጻፈው ቍጥር ብቻ አለመሆኑን፣ ሰዓቱ፣ ግብሩ፣ ጡረታውና የቤት ኪራዩ አብረው መመዘን እንዳለባቸው ለማሳየት ነው። በተለይም ብር ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ አንድ ዶላር ከ58 ብር በታች የነበረው በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር በላይ ሆኗልና፣ የትናንቱን ደመወዝ ከዛሬው ጋራ በቍጥር ብቻ ማወዳደር ያሳስታል። የጤና ባለሙያዎች በግንቦት 2011 እና በግንቦት 2017 ዓ.ም. ያሰሙት አቤቱታም ከዚሁ ከኑሮና ከደመወዝ አለመመጣጠን የተነሣ ነው።

ሠ. የፈቃድ ኪራይ

በተጨናነቀ ገበያ ውስጥ ከደመወዝ ማነስ የሚብስ አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም የሙያ ፈቃድን ማከራየት ነው። ፋርማሲ ለመክፈት የዲግሪ ባለሙያ ስም ያስፈልጋል። ባለገንዘቡ የሚፈልገው ስሙን ብቻ ሲሆን፣ ሥራ ያጣው ምሩቅ ፈቃዱን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ፣ ጥቂት ብር በየወሩ ተቀብሎ ይሄዳል። በመስኮቱ የሚቆመው ያልተማረ ሰው ይሆናል።

ይህ ነገር ሦስት ጕዳት ያመጣል። መጀመሪያ፣ ሕግን መጣስ ነው፤ ጥፋት በተፈጠረ ጊዜ የሚጠየቀው ስሙ የተጻፈው ነው። ሁለተኛ፣ የፈቃድ ኪራይ ከሙሉ ደመወዝ ስለሚረክስ፣ በሐቅ ቆሞ መሥራት የሚፈልገውን ጓደኛውን ደመወዝ ወደ ታች ይጐትታል። አንድ ምሩቅ ስሙን ባከራየ ቍጥር አንድ እውነተኛ የሥራ ቦታ ይዘጋል። ሦስተኛውና ትልቁ ጕዳት በሕመምተኛው ላይ ነው። በጉን ሸጦ መድኃኒት ሊገዛ የመጣ ገበሬ ለሰባት ቀን የሚገባውን አንቲባዮቲክ ሁለት ፍሬ ብቻ ተሽጦለት ሲመለስ፣ ገንዘቡም ጤናውም ይባክናል፤ ጀርሙም መድኃኒቱን ይለምደዋል።

ረ. ምን ይሻላል?

ለዚህ ችግር አንድ ፈውስ ብቻ የለውም። ቢሆንም ሊሠሩ የሚችሉ ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ መንግሥት ፋርማሲስት መቅጠር ወጪ ብቻ አለመሆኑን ቢያስብ መልካም ነው። ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት ሲጣል፣ ሂሳቡ የማይታወቅ ዕቃ ሲጠፋ የሚባክነው ገንዘብ የደመወዝ ምንጭ ሊሆን ይችላል። በደብረ ማርቆስ ሆስፒታል የተጀመረውና በኋላ ወደ ሌሎች ሆስፒታሎች የተስፋፋው ለኦዲት የሚመች የመድኃኒት አሠራር ያስተማረው ይህንኑ ነው፤ መድኃኒት በሂሳብ ሲያዝ ብክነት ይቀንሳል፤ ሂሳቡን የሚይዘው ግን ባለሙያ ሰው ነው። በማኅበረሰብ ጤና መድን የታቀፈ ገበሬ መዋጮውን ከፍሎ መድኃኒት ሲያጣ በመድኑ ላይ ያለው እምነት ይጠፋል። ስለዚህ እንደ አንኮበር ባለ ወረዳ የፋርማሲስት መደብ መጨመር ለመድኑም ዋስትና ነው።

ሁለተኛ፣ ገጠር ለሚሄድ ባለሙያ የቤትና የአበል ድጋፍ ያስፈልጋል። ደመወዙ በደብረ ብርሃንና በአንኮበር እኩል ከሆነ፣ ከተማውን ትቶ የሚሄድ ሰው ማግኘት ያስቸግራል። በሰሜን ሸዋ የደረሰው የጸጥታ ችግርም ይህን ይበልጥ አክብዶታል።

ሦስተኛ፣ ለግሉ ሥራ በአገራችን በሕግ የተወሰነ ዝቅተኛ ደመወዝ ሳይኖር ረዥም ዘመን ተቈጥሯል። አዋጅ ቍጥር 1156/2011 የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም ይደነግጋል። ይህ እስኪሠራ ድረስ የሙያ ማኅበሩ ለአባላቱ የሚመከር የደመወዝ ወለል ቢያወጣ ይረዳል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ነውና፣ አንድ ምሩቅ ብቻውን የማይችለውን ብዙዎች በአንድነት ይችሉታል።

አራተኛ፣ እኛ ተማሪዎች ራሳችን ሕጉን ማወቅ ይገባናል። ውል በጽሑፍ መጠየቅ፣ የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን እንደማያልፍ ማወቅ፣ ቀጣሪው በስማችን የጡረታ መዋጮ ማስገባቱን ማረጋገጥ፣ ደመወዝንም በወር ብቻ ሳይሆን በሰዓት ማስላት አለብን። ከሁሉም በላይ ስማችንን ማከራየት የለብንም።

በርእሱ ወደ ጠየቅነው ጥያቄ ስንመለስ፣ ለአዲስ ፋርማሲስት የሚገባው ደመወዝ ይህን ያህል ብር ነው ብለን አንድ ቍጥር መቍረጥ አንችልም፤ ብሩ ይለዋወጣልና። ነገር ግን መለኪያውን መናገር እንችላለን። የሚገባው ደመወዝ ባለሙያው በመስኮቱ ራሱ ቆሞ እንዲሠራ የሚያስችለው፣ ስሙን እንዲያከራይ የማያስገድደው፣ ከደብረ ብርሃን አልፎ አንኮበር ለመውረድ የሚያስደፍረው ደመወዝ ነው። ከዚህ በታች የሚከፈል ደመወዝ ለቀጣሪው የረከሰ ይመስለዋል፤ የቀረውን ዋጋ ግን የሚከፍለው ሕመምተኛው ነው።